እናትና አባት ዋሽንግተን ሲመጡ፦ ከትኬት እስከ ሽኝት ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ልጆች እናት ወይም አባት ስናስመጣ ጉብኝቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይበላሻል። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉውን በእግር ይኬዳል፣ ጉልበት ያብጣል። ከዚያ ልጅ ወደ ሥራ ይመለሳል፣ እናት አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን ይቀራሉ። ወር ሳይሞላ «ቤቴ ናፈቀኝ፣ ትኬቴን አስቀይሩልኝ» ይመጣል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው። አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

«እናታችሁ» ያልኩት ሁሉ ለአባትም ይሠራል። ሰዓቱን የጻፍኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. ትኬት ከመቆረጡ በፊት

ወቅቱን ምረጡ። የሚሻለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት ማብቂያ፣ ወይም ከመስከረም እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ዋሽንግተን ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ደጋ የለመደ ሰው ከቤት መውጣት ያቅተዋል። በጥርና በየካቲት ደግሞ በረዶው ያንሸራትታል፣ ቀኑም አጭር ነው።

የጾሙን መቁጠሪያ እዩ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። በጾም መምጣት ምንም ችግር የለውም፣ እናንተ ግን አውቃችሁ መዘጋጀት አለባችሁ። ፋሲካን ወይም ገናን ከማን ጋር ማሳለፍ እንደሚፈልጉም ጠይቁ። አንዳንድ እናት በዓልን ከቤታቸው ውጭ ማሳለፍ በጣም ይከብዳቸዋል።

በረራ የሚቀየርበት ትኬት አትግዙ። እንግሊዝኛ ለማይናገር ሰው ትራንዚት ትልቁ አደጋ ነው። ከአዲስ አበባ ደለስ (የዋሽንግተን ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ) ድረስ አውሮፕላን ሳይቀየር የሚኬድበትን ምረጡ። በመንገድ ላይ ለነዳጅ ቢቆምም «ከመቀመጫሽ አትነሺ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ደረጃ መመሳሰሉን አረጋግጡ።

ዊልቸር እዘዙ። ረጅም መንገድና ረጅም ሰልፍ ለሚከብዳቸው እናት ወይም አባት ይህ የግድ ነው። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ አሳውቁ። ጋሪውን የሚገፋው ሠራተኛ እስከ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያም እስከ ሻንጣና እስከ መውጫው ያደርሳቸዋል። «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» ብለው ሊቆጡ ይችላሉ። «መንገዱ ስለሚጠፋ ነው» በሏቸው፣ እውነትም ነው።

የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስ ግዙ። እዚህ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ማደር የቤተሰብን ጥሪት ሊያራቁት ይችላል። ውሉን አንብቡ። አብዛኛው የጎብኚ ኢንሹራንስ ነባር በሽታን፣ ማለትም ስኳርን፣ ደም ግፊትንና ልብን፣ አይሸፍንም። ወይም የሚሸፍነው ድንገት ሲብስ ብቻ ነው። ርካሹን ሳይሆን ይህን አንቀጽ በግልጽ የጻፈውን ምረጡ።

2. ሻንጣና ወረቀት

ወደ አሜሪካ በሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይፈቀዳል። ትኬቱ ላይ ግን አረጋግጡ። እናት ልጅ ዘንድ ሲመጡ ሻንጣው የሚሞላው በምግብ ስለሆነ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

• በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ይዘው ይምጡ። በደንብ ይታሸግ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት።
• ቋንጣ፣ ዶሮ፣ ማንኛውም የሥጋ ነገር አይምጣ። ሥጋ ከተገኘ ይወሰዳል።
• የያዙትን ምግብ ሁሉ «አለኝ» ብለው ያስመዝግቡ። ቅጣት የሚያመጣው መደበቁ ነው። ተናግረው ቢከለከሉ ቢበዛ ዕቃው ይቀራል።
• መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ከነካርቶኑ፣ ከነማዘዣው። ለሚቆዩበት ጊዜ ሙሉ የሚበቃ፣ ከዚያም የሁለት ሳምንት ትርፍ። እዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ የደም ግፊት ኪኒን መግዛት አትችሉም።

አሁን አንድ ወረቀት አዘጋጁ። በእንግሊዝኛ፣ በትልቅ ፊደል፦ ስማቸው፣ የእናንተ ስም፣ ሙሉ አድራሻችሁ፣ ስልካችሁ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ፣ «አማርኛ ብቻ ነው የምናገረው» የሚል መስመር። ፓስፖርቱ ውስጥ ይግባ፣ ሌላ ቅጂ በቦርሳቸው ውስጥ ይሁን።

የኢሚግሬሽን ጥያቄዎቹን በስልክ ተለማመዱ። ለምን መጡ? ማን ዘንድ ያርፋሉ? ስንት ጊዜ ይቆያሉ? መልሱ አጭርና እውነት ይሁን፣ ከመመለሻ ትኬቱም ጋር ይስማማ። «ልጆቼን ላግዝ ነው» ማለት ሥራ ለመሥራት የመጡ ሊያስመስል ይችላል። የመጡት ልጅ ለመጠየቅ ነው፣ ይህንኑ ይበሉ።

3. ደለስ ላይ

አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ እስኪወጡ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዓለም አቀፍ በረራ የሚመጡት የሚወጡበት በር ፊት ቆሙ፣ ቦታችሁን አትቀያይሩ። ስልካቸው እንደማይሠራ ቁጠሩት። አበባና ብዙ ሰው ይዞ መሄድ ደስ ይላል፣ ግን መኪናው ውስጥ ለእሳቸውና ለሻንጣዎቹ ቦታ ይቅር።

ካልወጡስ? አውሮፕላኑ ካረፈ ከሦስት ሰዓት በላይ ካለፈ ወደ አየር መንገዱ ሠራተኞች ሄዳችሁ ዊልቸር የታዘዘላቸው መንገደኛ የት እንደደረሱ ጠይቁ። ለተጨማሪ ጥያቄ ወደ ሌላ ክፍል ተወስደው ሊሆን ይችላል። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ሊደውልላችሁ ስለሚችል ስልካችሁን በሌላ ጥሪ አትያዙ፣ የማታውቁትን ቁጥርም አንሱ።

ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ወደ ቤት ሂዱ። በመንገድ ላይ «ዋይት ሀውስን አሳይቼሽ ልለፍ» አይባልም።

በማግስቱ አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ መዝገብ ከመንግሥት ድረ-ገጽ ላይ በፓስፖርት ቁጥራቸው አውጡ። እስከ መቼ መቆየት እንደሚችሉ የሚወስነው ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን አይደለም፣ ይህ መዝገብ ነው። ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን የመመለሻ ቀን አድርገው የሚይዙ ብዙ ናቸው። ቀኑ ወይም ስሙ ከተሳሳተ ቶሎ አስተካክሉት። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያርም ቢሮ ደለስ አየር ማረፊያ ውስጥ አለ። ወረቀቱን አትማችሁ ከፓስፖርቱ ኮፒ ጋር አስቀምጡ።

4. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፦ ቤቱን አስተምሩ

በእነዚህ ቀናት ጉብኝት የለም። በአሜሪካ በጋ በእኛና በአዲስ አበባ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ፣ በአሜሪካ ክረምት 8። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅተው ይቀመጣሉ፣ ቀን 9 ሰዓት ላይ ያንቀላፋሉ። አልጋቸው አጠገብ ትንሽ መብራት፣ ውኃ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙዝ አስቀምጡ። ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው። ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አብራችኋቸው ተራመዱ።

ጠያቂውን ወደ ቅዳሜና እሁድ ግፉት። «መጡ» ከተባለ በመጀመሪያው ማታ ቤት የሚሞላ ሰው አለ፣ እናታችሁም ዓይናቸው እየተከደነ እንግዳ ያስተናግዳሉ። ለዘመድ አንድ ቀን ቁረጡ፣ ሁሉም በዚያው ቀን ይምጣ።

አሁን ቤቱን አንድ በአንድ አሳዩአቸው። አሳይታችሁ አታብቁ፣ እሳቸው ራሳቸው ሠርተው ያሳዩአችሁ።

ምድጃው። ጠፍጣፋው የመስታወት ስቶቭ ከጠፋ በኋላም ያቃጥላል። ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ እንዳያስቀምጡበት ንገሯቸው። የጋዝ ከሆነ ሽታ ሲሰማቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስረዱ፦ ማጥፋት፣ መውጣት፣ መደወል።

ሻወሩ። ሙቅና ቀዝቃዛ በአንድ እጀታ የሚቀላቀልበት ሻወር ያቃጥላቸዋል። ትክክለኛው ቦታ ላይ ቀይ ምልክት ለጥፉ። የሚያንሸራትት ገንዳ ውስጥ ጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። በዚህ ዕድሜ መውደቅ ከሁሉም የከፋ አደጋ ነው።

በሩ። ብዙ የአፓርትመንት በር በራሱ ይቆለፋል። ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው ውጭ የቀሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ቁልፍ በአንገታቸው ይሁን፣ አንድ ትርፍ ቁልፍ ደግሞ የምታምኑት ጎረቤት ዘንድ።

ዕጣንና ቡና። ይህን በደንብ አንብቡ፣ ብዙ ቤት የተረበሸው በዚህ ነው። ቡና ሲቆላ ወይም ዕጣን ሲጨስ ፋየር አላርሙ ይጮኻል። በአንዳንድ ሕንፃ ድምፁ ሁሉንም ነዋሪ ያስወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ይመጣል። እናታችሁ ከዚያ በኋላ በድንጋጤ ቡና ማፍላት ይተዋሉ፣ እሱን ደግሞ ማንም አይፈልግም። መፍትሔው ይህ ነው፦ ቡናው በጥቂት በጥቂቱ ይቆላ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ በሙሉ ኃይሉ ይሥራ፣ መስኮት ይከፈት፣ ወደ ኮሪደሩ የሚወስደው በር ይዘጋ። የኮሪደሩን በር ከፍቶ ጭሱን ማስወጣት ነው የሕንፃውን አላርም የሚያስጮኸው። ከሰልና ማንደጃ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፣ ጋዙ ይገድላል። በረንዳ ላይም የኪራይ ውሉ ብዙ ጊዜ ይከለክላል። የአላርሙን ባትሪ አታውጡ። ከጮኸ ደግሞ በፎጣ አራግቡት፣ መስኮት ክፈቱ፣ እናታችሁን «ምንም አይደለም» ብላችሁ አስቀምጧቸው።

ስልኩ። የአሜሪካ ቁጥር አውጡላቸው። ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ የእናንተ ፎቶ ከፊት ይሁን፣ ቦታቸው ለእናንተ እንዲታይ አድርጉ። 911 እንዴት እንደሚደወል አስተምሩ፣ «አምሃሪክ» የሚለውን ቃል ብቻ ቢናገሩም አስተርጓሚ ሊያገናኟቸው እንደሚችሉ ንገሯቸው።

ሰዓቱ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የግድግዳ ሰዓት ሳሎን ላይ ስቀሉ። ከእናታችሁ ጋር ቀጠሮ ስትይዙ በእሱ ብቻ ተነጋገሩ። ከሁለቱ አቆጣጠር እየቀላቀሉ ማውራት የመድኃኒት ሰዓትንም ያሳስታል።

5. የሙከራ ጉዞ

አራተኛው ወይም አምስተኛው ቀን ላይ ቅርብ ቦታ ሂዱ፦ ኮስትኮ፣ ሰፈራችሁ ያለው መናፈሻ፣ የምትሠሩበት ሕንፃ። የሥራ ቦታችሁን ከውጭም ቢሆን አሳዩ። እናት መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት ልጃቸው የሚውልበትን ነው፣ ሐውልት ሌላ ቀን ይታያል።

በዚህ ጉዞ ላይ ሦስት ነገር በዓይናችሁ ለኩ። ሳይቀመጡ ስንት ደቂቃ ይራመዳሉ? በስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋቸዋል? በኤስካሌተር ላይ ይወጣሉ? የትልቁ ቀን ዕቅድ የሚሠራው በእነዚህ መልሶች ነው።

ኤስካሌተር የሚፈሩ ከሆነ አታስገድዱ። የዋሽንግተን ሜትሮ (የከተማው ባቡር) ኤስካሌተሮች በጣም ረጃጅም ናቸው። ዊተን ጣቢያ ያለው 70 ሜትር ይደርሳል። ወደ ታች ሲታይ ወጣቱንም ያዞራል። ሁሉም የሜትሮ ጣቢያ ሊፍት ስላለው በዚያ ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የዚያን ቀን ሊፍቱ መሥራቱን በሜትሮው ድረ-ገጽ ላይ እዩ። 65 ዓመት ለሞላቸው ግማሽ ዋጋ የሚያስከፍል የአረጋውያን ስማርትሪፕ (የሜትሮ መክፈያ) ካርድ አለ፣ አውጡላቸው።

የይሉኝታ ነገር

ወላጆቻችን ደከመኝ አይሉም። ራበኝ አይሉም። ልጅ ከሥራ ቀርቶ፣ ገንዘብ አውጥቶ ሲያዞራቸው «ይበቃኛል» ማለት ውለታ መብላት ይመስላቸዋል። ስለዚህ «ደከመሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ «ኧረ ደህና ነኝ» ነው። እንዲህ አድርጉ፦

• ለዕረፍት፦ «እማዬ፣ እኔ ትንሽ ልቀመጥ» ብላችሁ ቀድማችሁ ተቀመጡ። በየ20 ደቂቃው።
• ለመጸዳጃ ቤት፦ «እኔ ልገባ ነው፣ ነይ አብረን እንሂድ»። ወንድ ልጅ ከሆናችሁ እህት፣ ሚስት ወይም የአክስት ልጅ አብራችሁ ትሂድ። ሴት ከሌለች የቤተሰብ መጸዳጃ ያለበትን ቦታ አስቀድማችሁ ለዩ። አውቶማቲኩ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያው ግር ያሰኛቸዋል፣ ቤት ሳሉ ንገሯቸው።
• ለምግብ፦ አትጠይቁ፣ አቅርቡ። «አልፈልግም» ቢሉም ፊታቸው አስቀምጡ።
• ለገንዘብ፦ ዋጋ አትንገሩ። እያንዳንዱን ዶላር በብር ያባዙታል፣ ከዚያ በኋላ የቀረበው ምግብ አይዋጥላቸውም። ትኬትም ምግብም ቀድማችሁ ክፈሉ። «ተከፍሏል፣ ካልገባንበት ይቃጠላል» ስትሏቸው ይገባሉ።

አባቶች ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። አባት በልጅ መመራት ይከብዳቸዋል። ካርታውን ስጧቸው፣ «በየት በኩል ይሻላል?» በሏቸው።

6. ትልቁ ቀን፦ ሞል

ሞል የምንለው የገበያ አዳራሽ አይደለም፣ ሙዚየሞቹና ሐውልቶቹ ያሉበት የመሐል ከተማው ሰፊ ሜዳ ነው። ከካፒቶል (ከምክር ቤቱ ሕንፃ) እስከ ሊንከን መታሰቢያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእግር ከዳር እስከ ዳር አትሂዱ። ለአንድ ቀን አንድ ሙዚየም፣ አንድ ሐውልት፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ሀ. ሙዚየሙን ምረጡ። ስሚዝሶኒያን የሚባለው ተቋም የሚያስተዳድራቸው ሙዚየሞች መግቢያ ነጻ ነው። አብዛኞቹ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11፡30 ክፍት ናቸው። ለጎብኚ የሚያውሱት ዊልቸር አላቸው፣ መግቢያው ላይ ጠይቁ። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ነው፣ ነጻ ቢሆንም ሰዓት የተቆረጠለት የመግቢያ ወረቀት አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ። የታሪኩ ክፍል ከመሬት በታች በባሪያ ንግድ ይጀምራል፣ ብዙ እናቶችን ያስለቅሳል። የመቀመጫ ጊዜ ስጡት። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ አለ፣ የድንቅነሽ ዝርያም እዚያ ትገኛለች። «ይህች የእኛ አገር ናት» ማለት የሚያስደስታቸው አባት ካሉ ውሰዷቸው። ከዝንጀሮ መጣን የሚለው ነገር የሚያስቀይማቸው ከሆነ ግን የከበሩ ድንጋዮችና የእንስሳት አዳራሾች አሉ፣ በዚያ እለፉ።

ለ. ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በር ላይ ሁኑ። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አትቆዩ።

ሐ. ምሳ። ፍርፍር ወይም ሳንድዊች ይዛችሁ ውጡ። ይዛችሁ የመጣችሁትን በሙዚየሙ አዳራሾች ውስጥ መብላት አይቻልም፣ ውጭ ያለው ወንበርና ጥላ ይበቃል። ሬስቶራንት ከገባችሁ ይህን አስቡ፦ ብዙ የቀድሞ ሰው ማን እንዳረደው የማያውቀውን ሥጋ አይበላም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። አትከራከሩ። ሥጋ ከሐበሻ ወይም ከሐላል ሥጋ ቤት ገዝታችሁ ቤት ሥሩ፣ ውጭ ስትሆኑ አትክልት እዘዙ። በጾም ቀን ዳቦው ውስጥ ወተትና እንቁላል መኖሩን ጠይቁ፣ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለው ይቀላል። ዓሣ በጾም ይበሉ እንደሆነ እሳቸውን ጠይቁ፣ ሁሉም አንድ አይደለም። ውኃውን ያለ በረዶ እዘዙ።

መ. ሐውልቱ። ከምሳ በኋላ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ከሁሉም ይቀላል። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ውኃው ዳር ነው። ሊንከን ደረጃ አለው፣ ጉልበት ለሚያማቸው ከታች ሆኖ ማየትም ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 ኪንግ ንግግር ያደረጉት እዚያ ደረጃ ላይ መሆኑን ንገሯቸው። ሌላ ቀን ማታ በመኪና እየዞሩ ማየት ከሁሉም ይሻላል። ሐውልቶቹ በመብራት ያምራሉ፣ ሙቀቱም ይበርዳል።

ሠ. 9 ሰዓት ላይ ወደ ቤት። «አንድ ብቻ እንጨምር» የሚለውን ተዉት።

በጃንሆይ ዘመን ላደጉ

ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ኬኔዲን ያውቃሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1963 ዋሽንግተንን ጎብኝተው ኬኔዲ ተቀብለዋቸው ነበር። በኅዳር ደግሞ ለቀብራቸው ተመልሰው መጡ፣ ከሌሎች መሪዎች ጋርም በእግር ሸኙ። አርሊንግተን መካነ መቃብር ያለውን የኬኔዲ መቃብር አሳዩአቸው። ለመግባት ፎቶ ያለበት መታወቂያ ስለሚጠየቅ ፓስፖርታቸውን ያዙ። መንገዱ ዳገት ነው፣ በእግር አትሞክሩት። በክፍያ የሚያዞር አውቶቡስ አለ።

7. እናንተ ሥራ ስትሆኑ

ጉብኝቱን የሚያበላሸው ወይም የሚያሳምረው ይህ ክፍል ነው። ዓላማው አንድ ነው፦ እናታችሁ ያለ እናንተ ከቤት ወጥተው መመለስ መቻል አለባቸው። በየሰፈሩ ከሰው ጋር ሲያወሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አሥር ሰዓት ዝግ ቤት ቴሌቪዥን እያዩ መዋል ያማቸዋል።

አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤት እስከ መስጊድ፣ ወይም ከቤት እስከ ሐበሻ ሱቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ስካይላይን አካባቢ ከሆናችሁ ይህ ቀላል ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዳሽ አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ነጻ ነው። የሞንጎመሪ ካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስም እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ነጻ ሆኗል። እንዲህ አለማምዱ፦

• መጀመሪያ አብራችሁ ሂዱ፣ እናንተ ምሩ። የአውቶቡሱን ቁጥርና የሚወርዱበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፣ ስልካቸው ላይ አስቀምጡ።
• ቀጥሎ አብራችሁ ሂዱ፣ እሳቸው ይምሩ። ቢሳሳቱም ዝም በሉ፣ አንድ ፌርማታ ካለፉ በኋላ ብቻ ንገሩ።
• ከዚያ ብቻቸውን ይሂዱ፣ እናንተ ከኋላ በመኪና ተከተሉ።
• ዝናብና በረዶ ባለበት ቀን ብቻቸውን አይውጡ።

መንገድ ከጠፋባቸው ባሉበት ይቁሙ፣ ይደውሉ። ስልክ ካለቀ ወረቀቱን ለሱቅ ሠራተኛ ያሳዩ። የማያውቁት ሰው ያስቆመው መኪና ውስጥ አይግቡ፣ ሰውየው ሐበሻ ቢሆንም።

ጓደኛ ፈልጉላቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሌላ ልጅ ልትጠይቅ የመጣች እናት አትጠፋም። ስልክ ተለዋወጡ፣ በሳምንት አንድ ቀን አንዱ ቤት ቡና ይጠጡ፣ እናንተ ልጆቹ በተራ አድርሱ። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም።

የልጅ ልጅ ጠባቂ አታድርጓቸው። ለአንድ ሰዓት ልጅ መያዝ ደስታ ነው። ቀኑን ሙሉ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ከሚመልስ የሁለት ዓመት ሕፃን ጋር መዋል ጉብኝት አይባልም።

8. ረጅም ጉዞ

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ፣ አንድ ብቻ። ለደጋ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ቨርጂኒያ ያለው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ በተራራው ጫፍ 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በየቦታው መኪና አቁሞ ማየት ይቻላል። አብዛኛውን መኪና ውስጥ ሆነው ያዩታል። በዚያው አቅራቢያ ሉሬይ ዋሻ አለ፣ ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 12 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጋቢ ያዙ።

ናያግራ ከዋሽንግተን በመኪና ሰባት ስምንት ሰዓት ነው፣ በመሐል አንድ ሌሊት እደሩ። ማስጠንቀቂያ፦ የካናዳው ወገን ያምራል ተብሎ ድልድዩን አትሻገሩ። የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋል፣ የአሜሪካው ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ደግሞ መመለሱ ራሱ ችግር ሊሆን ይችላል። በአሜሪካው ወገን ያለው መናፈሻ ፏፏቴውን በቅርብ ያሳያል። ኒውዮርክን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አታድርጉት።

በአገር ውስጥ በረራ ከሄዳችሁ ፓስፖርታቸው መታወቂያቸው ነው፣ ዊልቸሩን እንደገና እዘዙ።

9. ሲበላሽ

ሲታመሙ። ሳል፣ ሽንት ማቃጠል፣ ቀላል ቁስል ከሆነ ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ) ሂዱ፣ ከኢመርጀንሲ በብዙ ይረክሳል። የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መድከም፣ ትንፋሽ ማጠር ከሆነ ወዲያው 911። ወጪውን በኋላ ትነጋገራላችሁ። ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። እናንተ ብትተረጉሙ እናታችሁ በልጅ ፊት የማይናገሩት ሕመም አለ።

«ልሂድ» ሲሉ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይመጣል። አትቆጡ፣ «ምን አጎደልኩብሽ?» አትበሉ። ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ። የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ካልተቀየረ ትኬቱን ቀይሩ።

መርዶ ሲመጣ። አገር ቤት ያሉ እህት ወንድሞቻችሁ ጋር ከመጀመሪያው ተስማሙ፦ ክፉ ወሬ ካለ ለእናንተ እንጂ ለእናታችሁ ማንም አይደውል። ፌስቡክ የሚከታተሉ ከሆነ ቀድማችሁ ድረሱ። ብቻችሁን አትንገሩ። የንስሐ አባት ወይም ኢማም፣ ሁለት ሦስት የዕድሜ እኩያ፣ ጠዋት በማለዳ ቤት ይምጡ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን አረጋግጡ። ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰው ይምጣ። መመለስ ከፈለጉ ያኔውኑ ትኬት ፈልጉ።

ፓስፖርት ሲጠፋ። ለፖሊስ አስመዝግቡ፣ ከዚያ ኮፒውን ይዛችሁ ዋሽንግተን ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሂዱ።

10. ሽኝት

ግዢውን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩ። ከመጡ ጀምሮ የሚላክላቸውን ስጦታ ዝርዝር አንድ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ለማን ምን እንደተገዛ ይታወቅ። የሻንጣ ሚዛን ግዙ። የሌላ ሰው «ትንሽ አደራ» ከመጣ ከፍታችሁ እዩት፣ የታሸገ ዕቃ አይወሰድ።

ከመሄዳቸው በፊት የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ለኩ። ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ ሲበር ወደ 13 ሰዓት ይቀመጣሉ። ሐኪም ካልከለከለ ውኃ ይጠጡ፣ በየጊዜው ይነሡ፣ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ። አየር ማረፊያ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ዊልቸሩን በር ላይ ጠይቁ። ከፍተሻው በኋላ እናንተ መግባት ስለማትችሉ ስንብቱን ከዚያ በፊት፣ ተቀምጣችሁ፣ ሳትቸኩሉ ጨርሱ።

የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን ፎቶ አንሱ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ፓስፖርታቸው ላይ የተመታውን የመግቢያ ማኅተምም አንሥተው ይላኩላችሁ። አሜሪካ መውጣታቸውን በትክክል ሳትመዘግብ ከቀረች፣ ለሚቀጥለው ቪዛ በሰዓቱ መመለሳቸውን የምታስረዱት በእነዚህ ሁለት ፎቶዎች ነው።